ምርጥ ችግኝ

ሁለቱን የፖም ችግኞች የገዛኋቸው በሰኔ 2007 ዓ.ም. ነው። ገበያው አፕል ይላቸዋል፤ እኔ የአክስቴን አጠራር ይዤ ፖም እላለሁ። በየግንዳቸው ላይ በሲባጎ በታሰረች ብጣሽ ካርቶን «አና፣ ምርጥ» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ዋጋቸው እንደኔ በየዝግጅት ክፍሉ እየዞረ ጽሑፍ ለሚሸጥ ሰው የሚቀመስ አልነበረም። ግን «ምርጥ» የምትለው ቃል አንጀቴን አራሰችው። ሻጩን ስለ ዋጋው እንጂ ስለ ሌላ ነገር አልጠየቅሁትም። ምርጥ ከተባለ በኋላ ምን ይጠየቃል?

በማግስቱ ከላምበረት ተሳፍሬ ወደ መንዝ ጉዞ ጀመርኩ። ችግኞቹን በሁለት ጉልበቶቼ መካከል አቁሜ፣ አፈራቸው እንዳይራገፍ የጠቀለልኩበትን ማዳበሪያ በእጄ ደግፌ ነው የሄድኩት። ጣርማ በር ላይ ወደ ደሴ የሚወስደውን አስፋልት ትተን ወደ ግራ ስንታጠፍ ጉሙ አውቶቡሱን ዋጠው። መዘዞ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ችግኞቹን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆይተው፣

«ይኼ ደግሞ የምን ዛፍ ነው?» አሉኝ።

«ፖም ነው አባቴ።»

«ለወዴት?»

«ለመሐል ሜዳ። ከዚያም ወደ ጓሳ ጠጋ ይላል።»

«ውርጩን አስፈቅደሃል?» አሉና ጋቢያቸውን ወደ አፍንጫቸው ስበው ተኙ። እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን የሳቅሁትን ሳቅ በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሼዋለሁ።

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። ልጆቻቸው አንድ በአንድ ወደ ከተማ ሄደው ቤቱ ከእሳቸውና ከጥቂት በጎች ጋር ቀርቷል። ገብሱን የሚያርስላቸው በእኩል የያዘ ጎረቤት ነው፤ እኩሌታው ደግሞ በዝናብ ጥሩ ዓመት እንኳ ጎተራ አይሞላም። በ2007 ዓ.ም. ፋሲካ ልጠይቃቸው በሄድኩ ጊዜ፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ እኔ እንግዲህ በየዓመቱ ዘር የምበትንበት ጉልበት የለኝም። አንዴ ተተክሎ እኔን ሳያስቸግር ዓመት ዓመት የሚሰጥ ነገር ካለ ፈልግልኝ። አንተ የተማርክ ነህ።»

የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ ያውም በዲፕሎማ። ይሁን እንጂ «የተማርክ ነህ» ሲሉት እንቢ የሚል አንጀት ያለው ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ቋሚ ተክል የሚባለውን ሁሉ ማሳደድ ጀመርኩ። ጨንቻ ላይ ፖም የስንቱን ቤት እንደለወጠ ሰምቼ ነበር። ሚሲዮናውያን ካመጡት ወዲህ የጋሞ ደጋ ሰዎች ከፍሬው ይልቅ ችግኙን እያዳቀሉ ለአገሩ ሁሉ ሲሸጡ ኖረዋል። ጨንቻ ደጋ ነው፤ መንዝም ደጋ ነው። ስሌቱ ይኸው ነበር። ከዚያ ያለፈ ሐሳብ አላስቸገረኝም።

የእቴቴ ጓሮ ሰፊ አይደለም። ከድንጋይ ቤቱ ጀርባ በካብ የተያዘ እርከን አለ። ጎመን፣ ጥቂት ድንች፣ ጥግ ላይ አንድ እድሜው የማይታወቅ ኮሶ። በእርከኑ አናት ላይ ደግሞ ከወላጆቻቸው ዘመን ጀምሮ የቆመ የጓሳ ሣር ረድፍ ነበር። ጓሳ ማለት ያ አገሩ ስሙን የወሰደበት፣ እንደ ሽንኩርት ጥቅል ጥቅል እያለ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ቀጭንና ጠንካራ የሆነ ሣር ነው። የዕፅዋት አጥኚዎች ፌስቱካ ከሚሉት ወገን ነው። እቴቴ ከዚያ ረድፍ በየዓመቱ አንዳንድ ጭብጥ እያጨዱ የማድ ቤታቸውን ክዳን ይጠግናሉ፤ ገመድ ይፈትላሉ፤ መጥረጊያ ያስራሉ። ፀሐይ በደንብ የሚያገኘውና ውሃ የማይተኛበት ቦታ ግን ያው የእርከኑ አናት ብቻ ነው። ችግኞቹ ያንን ቦታ ይፈልጋሉ።

«ይኼን እንንቀለው» አልኳቸው።

«ጓሳውን?»

«ሣር አይደል እቴቴ? ሣር እኮ በየሜዳው ሞልቷል። ይኼኛው ግን ምርጥ ነው።» ካርቶኑን አሳየኋቸው፤ ማንበብ እንደማይችሉ ረስቼው።

ዝም ብለው ቆዩና «አንተ ካልክ» አሉ። ሁለት ቀን ቆፈርኩ። ጓሳ ሲነቀል ቀላል ነገር አይደለም። ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ አፈሩን ጨምድዶ ይዟል፤ እጄ እስኪላላጥ ድረስ ታገለኝ። አሁን ሳስበው ያ ትግል ራሱ አንድ ነገር ሊነግረኝ ይሞክር ነበር። የተነቀለውን እቴቴ ለቅመው ካቡ ሥር አኖሩት፤ በጎቹ ረገጡት፣ ደረቀ፣ በእሳት አለቀ።

ችግኞቹ ጸደቁ። እውነት ለመናገር እንዲያውም ደስ በሚል ሁኔታ ጸደቁ። በሁለተኛው ዓመት ወገቤን አለፉ። ጎረቤቶች እየመጡ ያዩአቸው ነበር። እኔም መሐል ሜዳ ላይ «የፖሙ ልጅ» ተብዬ ተጠርቻለሁ።

በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሳልነግራቸው ሄድኩ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ማድ ቤቱ ጋ ስደርስ በጣሪያው ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ተዘርግቶ ዙሪያውን ድንጋይ ተጭኖበታል። ውስጥ ገብቼ ቀና ስል ክዳኑ ሦስት ቦታ ላይ ሳስቷል። አንድ ገንቦ ከሚንጠባጠበው ሥር ተቀምጧል፤ ምጣዱ ወደ ጥግ ተገፍቷል። ጢሱ መውጫ አጥቶ ላስቲኩ ሥር ታፍኖ ዓይን ያቃጥላል። እቴቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «እንኳን ደህና መጣህ» ብለው ሳሙኝ።

በየዓመቱ ይጠግኑበት የነበረው ጓሳ በእኔ እጅ ተነቅሎ ስለነበር ሁለት ክረምት ክዳኑ ሳይነካ ቀርቷል። ይህንን የነገረኝ ያ በእኩል የሚያርሰው ጎረቤት ነው። እሳቸው አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢናገሩኝ ይሻል ነበር።

እኔም በከተሜ ብልሃቴ መፍትሔ አመጣሁ። ጓሳው ሜዳ በእግር የሚደረስበት ነው፤ ሣሩ ተንዠርግጎ ቆሟል። አንድ ጎረምሳ ከፍለን አንድ ሸክም በምሽት ያምጣልና እንጠግን አልኩ። እቴቴን በሕይወቴ ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ዝግ እኮ ነው!» አሉ። «የተዘጋ ሣር አጭጄ ቤቴን ከምከድን ዝናቡን ቁጭ ብዬ ብጠጣው ይሻለኛል። ሰው ምን ይለኛል? አባቴ የጠበቀውን?»

ስለዚህ ነገር ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ማብራራት ግድ ይላል። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሜዳና ጋራ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚያዩ ጎብኚዎች ያውቁታል። የመንዝ ሰው ግን የሚያውቀው በሣሩ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ እንደኖረ ይነገራል። (ቃሉ በቅርብ ዓመታት በሌላ ትርጉም ስለገነነ እንዳይምታታ፤ የመንዙ ቄሮ የሣር ጥበቃ ሥርዓት ነው።) አስቦና ጌራ ከተባሉት ሁለት አቅኚ አባቶች የሚወለዱት ርስተኞች አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፤ ሜዳው ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አያርፍበትም። ሣሩ ሲደርስ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ቀን ይታወጃል፤ ያኔ ሁሉም ይገባል፣ ያጭዳል፣ ከብቱን ያሰማራል። ክረምት ሲገባ በሐምሌ አቦ ሰውም ከብትም ለቆ ይወጣል። በዝጉ ጊዜ ሣር የሰረቀ ሰው ቤቱ በአዲስ ጓሳ ተከድኖ ከተገኘ ክዳኑ ይቃጠልበት እንደነበር ሽማግሌዎች ያወራሉ። ሥርዓቱ በየካቲት 1967 ዓ.ም. በመጣው የመሬት አዋጅ ከርስቱ ጋር ፈረሰ፤ ኋላ ግን ሕዝቡ በመተዳደሪያ ደንብና በኮሚቴ መልሶ አቆመው፤ የአማራ ክልልም በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ቦታ አድርጎ በሕግ አጸናው።

እንግዲህ እኔ «ሣር እኮ በየሜዳው ሞልቷል» ያልኩት ስለዚህ ሣር ነው። ሞልቷል፤ የሞላው ግን ሰዎች አራት መቶ ዓመት ያህል ለራሳቸው እምቢ ስላሉ ነው። እቴቴ ደግሞ የጓሯቸው ረድፍ የነበራቸው ሜዳው እስኪከፈት ድረስ እንዳይቸገሩ ነበር። የዝጉ ዘመን መሻገሪያ ነበረች ያቺ ረድፍ። እኔ መሻገሪያዋን አፍርሼ ፖም ተከልኩበት።

ፖሙ ደግሞ አላፈራም።

በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አበበ። ጎረቤቱ በስልክ ሲነግረኝ ከሥራ ላይ ተነስቼ ልሄድ ምንም አልቀረኝም። ነጭ፣ ጫፉ ሮዝ የነካው አበባ፣ ቅጠል ሳይኖር በባዶው ቅርንጫፍ ላይ ተንቆጥቁጦ ነበር አሉ። በሦስተኛው ሌሊት ውርጭ ወረደ። ጠዋት ላይ አበባው ሁሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ጠቁሯል። በ2011ም እንዲሁ ሆነ፤ ከውርጩ የተረፉ ጥቂት አበቦች ነበሩ፤ እነሱም ፍሬ ሳይቋጥሩ ረገፉ። የመዘዞው ሽማግሌ በዓይነ ኅሊናዬ ጋቢያቸውን ገልጠው አዩኝ።

ነገሩን የፈታችው አንዲት ወጣት የግብርና ባለሙያ ናት። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት እቴቴ ጓሮ ውስጥ አብረን ቆመን ዛፎቹን ዞር ዞር ብላ አየቻቸው፤ ካርቶኖቹ እስካሁን ታስረዋል። «አና» የሚለውን አነበበችና ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ ይህ ዝርያ የት እንደተመረጠ ያውቃሉ?»

አላውቅም ነበር። አና የተወለደችው በእስራኤል አገር፣ ዓይን ሼመር በሚባል ኪቡዝ ነው። ፖም የብርድ አገር ዛፍ ነው፤ ከእንቅልፉ ነቅቶ እንዲያብብ አስቀድሞ የተወሰነ ሰዓት ብርድ መጠጣት አለበት። የሚቆጠረው ከሰባት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ያለው ብርድ ነው፤ ብዙዎቹ የፈረንጅ ፖሞች እስከ አንድ ሺህ ሰዓት ይፈልጋሉ። የእስራኤል የባሕር ዳር ክረምት ያን ያህል ብርድ ስለሌለው በጥቂት መቶ ሰዓት ብቻ የሚነቃ ዝርያ ተፈለገ፤ ተዳቅሎ ተመረጠና አና ተባለ። ለሞቃት አገር ታላቅ ግኝት ነው። በእኛም አገር መለስተኛ ብርድ ባለበት ቦታ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል።

«እዚህ ግን» አለች ባለሙያዋ፣ «ብርድ የሚያንሰው ማን ነው? አና ጥቂት ብርድ ሲነካት በቃኝ ብላ ትነቃለች። የምትነቃው ደግሞ ልክ ውርጩ በሚበረታበት ወር ነው። እንቅልፏ ቀላል ስለሆነ ነው የተመረጠችው፤ እዚህ የሚያስፈልገው ከባድ እንቅልፍ ነው።»

ሌላም ነገር ነበር። አና ብቻዋን በደንብ አታፈራም፤ የሌላ ዝርያ የአበባ ዱቄት በንብ ተሸክሞ ሊደርሳት ያስፈልጋል። አብሯት የሚተከለው ዶርሴት ጎልደን የሚባለው ነው፤ እሱ ደግሞ የተገኘው በባሃማስ ደሴቶች፣ ናሶ ላይ ነው። እኔ ሁለት ዛፍ ስለገዛሁ ሁለት የሆኑ መስሎኝ ነበር። ሁለቱም አና ናቸው። ከአንድ ዛፍ ተቆርጠው የተዳቀሉ ስለሆኑ ለንቧ አንድ ዛፍ ናቸው። አንዳንዶቹ ዝርያዎችማ፣ እነ ጆናጎልድና ክሪስፒን፣ የራሳቸው የአበባ ዱቄት መካን ነው፤ ከሌላው ይቀበላሉ እንጂ ለማንም አይሰጡም። ከእነሱ ጋር ሦስተኛ ዝርያ ካልተተከለ ባልንጀራቸውም ያለ ፍሬ ይቀራል። ጉርብትና የማያውቅ ዛፍ ስል ቀለድኩ፤ ልጅቷ አልሳቀችም፤ ሥራ ላይ ነበረች።

ጎንበስ ብላ ከመሬት በስንዝር ከፍታ ላይ ያለውን እብጠት አሳየችኝ። ዛፉ የተቀጠለበት ቦታ ነው። ከእብጠቱ በታች ያለው ሥር ሌላ፣ በላይ ያለው ሌላ። አገራችን ውስጥ በብዛት ለሥርነት ከሚያገለግሉት አንዱ ኤም ኤም 106 የሚባለው ነው፤ እንግሊዞች ኢስት ሞሊንግና መርተን በተባሉ የምርምር ጣቢያዎቻቸው፣ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ለብሶ ሥርን የሚመጥ ቅማል እንዳያጠቃው ብለው ያዳቀሉት። እቴቴ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያ ከወገቡ በታች እንግሊዝ፣ ከወገቡ በላይ እስራኤል ነዋ! መንዝ መጥቶ ምን ያድርግ?» አሉ። በዚህስ ባለሙያዋም ሳቀች።

እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ያጨናነቀኝ ቃል ነው። ምርጥ ማለት የተመረጠ ማለት ነው። የተመረጠ ካለ የመረጠ ሰው አለ፤ የመረጠበት ቦታ አለ፤ የመረጠበት ጭንቀት አለ። ሰውዬው ከደጁ ያለውን ችግር አይቶ፣ ከብዙ መቶ ችግኝ መካከል ያንን ችግር የሚችለውን ለይቶ አወጣ። ቃሉ ግን ባሕርና ተራራ ተሻግሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ መራጩ ተረስቶ ምርጥነቱ ብቻ ይቀራል። እኔም ካርቶኑን አንብቤ፣ አንድም ቀን ያልጠየቅሁትን ሰው ምርጫ በእቴቴ እርከን ላይ ተከልኩት። የነቀልኩት ጓሳስ? እሱም የተመረጠ ነበር። ካርቶን አልታሰረበትም እንጂ፣ የእቴቴ እናት ወይም አያት ከየት እንዳመጡት፣ የትኛው ጥቅል ረጅም ቅጠል እንደሚያወጣ፣ የትኛው ውርጭ እንደማያጠወልገው አይተው ነው ያቆሙት። መራጮቹ እዚያው ቤት ውስጥ ሲኖሩ ሲሞቱ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

የፈረንጆቹም ቢሆን ሁሉ ከምርምር ጣቢያ የወጣ እንዳይመስልህ አንባቢዬ። ዛሬ በዓለም ገበያ ላይ የሚታወቀው አረንጓዴው ግራኒ ስሚዝ ስሙን ያገኘው ማሪያ አን ስሚዝ ከምትባል፣ በአውስትራሊያ ሲድኒ አቅራቢያ ከምትኖር አሮጊት ገበሬ ነው። በፈረንጆቹ 1868 ዓ.ም. ገደማ በጓሮዋ ሳትተክለው የበቀለ ችግኝ አይታ አልነቀለችውም። ያ ነው ጠቅላላ ምርምሯ፤ አለመንቀል።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ የሚኖር የእቴቴ ትንሹ ልጅ በስልክ ፎቶግራፍ ላከልኝ። የአትክልት መሸጫ መደብር ነው። በጥቁር የላስቲክ ማሰሮ ተደርድሮ፣ የዋጋ ወረቀት ተሰክቶበት፣ ጥቅል ጥቅል ያለ ቀጭን ሣር ይታያል፤ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። ስሙ ኤላይጃ ብሉ፤ ወገኑ ፌስቱካ። ልጁ ከሥሩ «ጓሳ እዚህ በገንዘብ ይሸጣል!» ብሎ ጽፏል። ያው ራሱ ጓሳ እንኳ አይደለም፤ የአውሮፓ ዘመዱ ነው። ለግቢ ማሳመሪያ ተብሎ ከየጥቅሉ ሰማያዊው እየተመረጠ የወጣ። ከጎኑ ደግሞ ቀይና ቢጫ ችቦ የመሰለ አበባ ቆሟል። እሱንም አወቅሁት። እኛ አንዳንዴ አሸንዳ፣ አንዳንዴ አበልቢላ፣ አንዳንዴም የዝንጀሮ አገዳ የምንለው አበባ ወገን ነው። ፈረንጆቹ ክኒፎፊያ ይሉታል፤ ክኒፎፍ በሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ስም። የእኛው ዐይነት ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይበቅልም። እነሱ ለጓሯቸው ያዳቀሉት በብዛት ደቡብ አፍሪካ ካሉት ዘመዶቹ ነው፤ አንዱን ለቀለሙ፣ አንዱን ለቁመቱ፣ አንዱን በረዶ ስለሚችል መርጠዋል። እቴቴ ጓሮ አጠገብ፣ በጎች እየረገጡት፣ ቦይ ዳር በየዓመቱ ይወጣል። በዚህ እነሱን የምወቅስበት ምክንያት አይታየኝም። እነሱ ያደረጉት ትክክለኛውን ነገር ነው፤ የራሳቸውን ብርድ አውቀው ለራሳቸው ብርድ መረጡ።

ግንቦት ላይ ባለሙያዋ ከሄደች በኋላ ያቀረብኩት ሐሳብ ምን ነበር መሰላችሁ? አናዎቹን ነቅለን ሌላ፣ ዘግይቶ የሚያብብ ምርጥ ዝርያ እንትከል! እቴቴ እርከኑ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። እንዝርቱን አቆሙት።

«አንዴ ነቅለን አየነው እኮ ልጄ» አሉ።

ይህች ብቻ ናት የወቀሳ ቃላቸው። አራት ዓመት ጠብቃ ወጣች።

አልነቀልንም። ባለሙያዋ የሰጠችን መላ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ከአንደኛዋ አና አናት ላይ ቆርጠን የዶርሴት ጎልደን ቅርንጫፍ መቀጠል፤ ቅርንጫፉን ሌላ ቀበሌ ካለ ገበሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ራሷ አመጣችው። ሁለተኛው የበለጠ አስገራሚ ነው። ፖም በእኛ አገር እንደ ፈረንጅ አገር በበልግ ቅጠሉን በአንድ ጊዜ አያራግፍም፤ ቅጠሉ እስካለ ድረስ እምቡጡ ይተኛል፤ ቅጠሉ ሲረግፍ ይነቃል። የእቴቴ ዛፎች ኅዳር ላይ በውሃ ጥም ቅጠላቸውን ስለሚጥሉ ነው ታኅሣሥ ላይ አብበው ውርጭ የሚበላቸው። ስለዚህ ከመስከረም በኋላ ውሃ እየጠጡ ቅጠላቸውን ይዘው ይቆዩ፤ ክፉው ውርጭ ሲያልፍ፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ ቅጠሉ በእጅ ይራገፍ። በኢንዶኔዢያ ደጋዎች የሚኖሩ የፖም ገበሬዎችም ቅጠሉን በእጃቸው እያራገፉ ነው ዛፉን የሚያስነሱት።

«በስተርጅና ዛፍ ልላጭ?» አሉ እቴቴ። ግን ላጩት። የዕቃ ማጠቢያውን ውሃ ጥቅምትና ኅዳርን ሙሉ በቅል እየቀዱ አጠጡ፤ ጥር ላይ በርጩማ ላይ ቆመው ቅጠል በቅጠል አራገፉ። ጎረቤት «አሮጊቷ ምን ነካቸው?» ብሎ ነበር። አንደኛው ዓመት አልሆነም፤ የካቲት ላይም ውርጭ መጣ፤ ውርጭ የቀን መቁጠሪያ አያነብም። የተቀጠለው ቅርንጫፍም ገና ልጅ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ግን አሥራ አንድ ፖም ለቀሙ። አሥራ አንድ። እኔ ያወጣሁትን ገንዘብ ባካፍለው የእያንዳንዱን ዋጋ ለመጻፍ አፍራለሁ። ስድስቱን ለጎረቤት አዳርሰው፣ ሁለቱን ለንስሐ አባታቸው ሰጥተው፣ አንዱን ሰው ሲመጣ በላስቲክ ጠቅልለው ላኩልኝ። ትንሽ ነበር፣ አንድ ጎኑ ቀላ ያለ። ጎምዛዛ ነበር። ፍሬውን እስከ ግንጣዩ በላሁት።

ዛሬ ሰው ስለ ጓሮ ተክል ሲያማክረኝ (ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ሁሉን ያውቃል ብለው የሚያምኑ ደጎች አሁንም አሉ) ስለ ፍሬው ጣዕም አልናገርም። አዲስ አበባ ሰሚት ያለው ወዳጄ ባለፈው ዓመት ስለ ፖም ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት ቦታው ላይ አሁን ያለው ምንድን ነው ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ዝርያው የት አገር፣ ለምን ችግር ተመረጠ፣ ጓደኛው ማን ነው፣ ሥሩስ ምንድን ነው የሚለው የሚመጣው። ሻጩ ይህን ሁሉ የማያውቅ ከሆነ ችግኙ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ግን ካርቶኑን አውልቆ መጣል ነው። ለሰሚት አና ከነዶርሴቱ ሳይሻል አይቀርም አልኩት። የእቴቴን ጓሮ ያበላሸችው አና እዚያ ቤቷ ሊሆን ይችላል።

ጓሳውን መልሰን ተክለነዋል። ያ ግን የእኔ ሥራ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከአንዲት የልጅነት ጓደኛቸው ጓሮ፣ ከጥንት ከእነሱ ቤት የተሰጠ ነው ከተባለ ጓሳ፣ ሰባት ጥቅል በአህያ አምጥተው ከፖሞቹ ግራና ቀኝ አቆሙት። እኔ ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ ቦታውን እንድመርጥ አልፈቀዱልኝም። ጓሳ ቶሎ የሚደርስ ሣር አይደለም። ማድ ቤቱ በላስቲክ ሥር ሌላ ሁለት ክረምት ከረመ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ መንገዱ እንደ ልብ አልሆነልኝም፤ ስልኩም ቢሆን የሚገኝበትና የማይገኝበት ወር አለ። ባለፈው ጊዜ ሲገኝልኝ መጀመሪያ ስለ ጤናቸው ጠየቅሁ፤ እሳቸው ግን ስለ ጓሳው ነገሩኝ። ማድ ቤቱን በግማሹ በራሳቸው ሣር አስከድነዋል። የቀረውን ሜዳው ሲከፈት ይሞሉታል። ሦስት ጥቅል ነቅለው ለጎረቤት ሰጥተዋል፤ የእሱም አለቀበት። ፖሙ? ፖሙ አለ፤ ዘንድሮ ውርጭ መታው።

ከዚያ ያን የአሜሪካውን ፎቶግራፍ አነሱብኝ።

«ያ ልጅ የላከው ሣር፣ የሚሸጠው» አሉ። «ምን ይከድኑበታል?»

«አይከድኑበትም እቴቴ። ለማየት ነው።»

«ለማየት ብቻ?»

«ለማየት ብቻ።»

መስመሩ ላይ ትንሽ ዝም አሉ። የበጎች ድምፅ ይሰማል።

«እስቲ» አሉ፣ «አንዱን ጥቅል ስንት እንደሚሉት ጠይቅልኝ።»